ማሰሮው በማን ደጅ ይቁም?

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። የዚህ ተረት ላም በረቷ ኦና ነው። አንዲት የነበረቻትን ጥጃ ተቅማጥ ገደለባት። ተቅማጥ መግደሉ አዲስ አይደለም፤ ድሮም ይገድላል። ይቺ ጥጃ ግን መድኃኒት ወስዳለች፤ በሰዓቱ፣ በልኩ፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ። መድኃኒቱ ሆዷ ገባ። ሆዷ ውስጥ የነበሩት ጥቃቅን ፍጥረታት አሸተቱት፣ አወቁት፣ ተሳሳቁና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሳምንት ሳይሞላ ጥጃዋ ሞተች።

እመት ላም ለቅሶ አልተቀመጠችም። ከዲላ ከተማ ዝቅ ብሎ ለገዳራ ወንዝ ዳር ወደሚሰየመው ሶንጎ ሄዳ አቤት አለች።

ሶንጎ በጌዴኦ አገር ሸንጎ ነው። እዚያ የሚነገረው ሀላሌ ነው፣ እውነት፤ ያልሆነ ነገር ተናግሮ ከሶንጎ የወጣ ሰው ቤቱ ሳይደርስ አንድ ነገር ያገኘዋል ይባላል። የአራዊቱንና የዕፅዋቱን ሶንጎ የሚመሩት አባ ብርብራ ነበሩ። ቦታውም ይገባቸዋል። ከላይ ብርብራና ዋንዛ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ ጥላ ቡና፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንዲህ ተደራርቦ የቆመ ነው። ከላይ ያለ ከታች የሚሆነውን ሁሉ ያያል፤ ቢያንስ አላየሁም ማለት አይችልም።

«ልጄን በሽታ አልገደላትም» አለች እመት ላም። «የገደላት በሽታውን መድኃኒት ያስናቀው ነው። እሱን ፈልጉልኝ።»

አባ ብርብራ በመጀመሪያ ወንዙን ጠሩ። «ለገዳራ፣ በሁላችንም ደጅ የምታልፍ አንተ ነህ። ምን ታውቃለህ?»

«ስም አልጠራም» አለ ለገዳራ። «የመጣብኝን ግን እናገራለሁ። ከኮረብታው ስነሳ የሚመጣብኝ ቅጠል ነው። ከተማ ስደርስ መድኃኒት ይመጣብኛል። ከሽንት ቤት ይመጣል፣ ከበረት ይመጣል፣ ቀኑ ያለፈበት ካርቶን በላስቲክ ታስሮ በሌሊት ይመጣል።»

አያ ጅቦ ሳይጠራ ተነሣ። በሚያውቁት አገር ስለሆነ ቁርበት አንጥፉልኝ አላለም። «እኔ ባለፈው ሆዴን ሲቆርጠኝ ከእመት ጦጣ ሱቅ ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ገዝቼ ዋጥኩ። ተሻለኝ፤ ተውኩት። የዋጥኩት እዚሁ ሆዴ ውስጥ አልቋል። ከወንዝ ጋር ምን አገናኘኝ?»

«አላለቀም አያ ጅቦ። ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ መልኩ እንኳ ሳይለወጥ፣ በሽንትህ እኔ ጋ ደርሷል።»

ወንዙ አላጋነነም። በአፍ የተወሰደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ሳይፈርስ በሽንት ይወጣል። አሞክሳሲሊንም አብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ እሱ ግን ውሃ ውስጥ ዕድሜ የለውም፣ ቶሎ ይሰባበራል። ሲፕሮ ቻይ ነው። የሚፈራው ፀሐይን ነው፤ ውሃው ከጠራ ብርሃኗ ገብቶ ያፈርሰዋል፣ ውሃው ከደፈረሰ ግን ደለል ላይ ተለጥፎ ይከርማል። የከተማ ወንዝ ደግሞ መቼ ይጠራል?

በሬም ተጠየቀ። በየጊዜው ኦክሲቴትራሳይክሊን እንደሚወጋ፣ የሚወጋውም አንዳንዴ ሳይታመም ለጥንቃቄ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደሚሸና ግን ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ተናገረ። እመት ጦጣ ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«እኔ የምሸጠው የጠየቁኝን ነው። ሁለት ላለኝ ሁለት፣ አራት ላለኝ አራት። ማዘዣ ካላመጣችሁ፣ ሙሉውን ካልገዛችሁ ብል ማን ደጄን ይረግጣል? የሰው ኪስ እኔ አልሞላ።»

ሕጉ ያለ ማዘዣ አትሽጪ እንደሚላት ሁሉም ያውቃል። ግን ግማሹ ሶንጎ ከእሷ በዱቤ የወሰደ ስለነበረ የተቃወማት አልተገኘም።

አባ ብርብራ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ጥቃቅኖቹን ጥሩልኝ» አሉ። ጉምጉምታ ሆነ፤ ገዳይ ለምስክርነት ይጠራል ወይ? ቢሆንም ከወንዙ ሥር ከደለሉ አንዲት ባክቴሪያ ተጠራች። ድምፅዋ ለሰሚ ስለማይደርስ ሸርጣን አስተረጎመችላት።

«እኛ ቂም የለንም፤ መኖር ነው የያዝነው» አለች። «መድኃኒቱ ሙሉ ሆኖ ቢመጣብን አልቀን ነበር። እናንተ ግን የላካችሁልን ሽታውን ነው። ሽታው አይጨርሰንም። ደካሞቻችንን ጠርጎ ብርቱዎቹን ያስቀርልናል። ደግሞ ከእኛ ያወቀች ዕውቀቷን ለልጆቿ ብቻ አታወርስም። ቀለበት አላት። ቀለበቱን አስመስላ ሠርታ ለጎረቤቷ፣ ዘመዷ ላልሆነችውም ጭምር፣ ታጠልቅላታለች። በጥጃዋ ሆድ የነበሩት እኅቶቻችን እዚሁ ውሃ ሲጠጣ የገቡ ናቸው፤ ቀለበታቸውን አጥልቀው ነው የገቡት።»

ቀለበቱ የተረት ጌጥ አይደለም። ሳይንቲስቶች ፕላዝሚድ ይሉታል፤ በአብዛኛው ክብ ነው፣ መድኃኒት የመቋቋምን መመሪያ ተሸክሞ ከአንዷ ባክቴሪያ ወደ ሌላዋ ይሻገራል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲሸለም፣ ከሚበቃው በታች የሚወስድ ሰው ጀርሞቹን ከመድኃኒቱ ጋር እንደሚያለማምዳቸው በዚያው መድረክ ላይ አስጠንቅቆ ነበር። ሰሚ እንዳላገኘ ለማወቅ የእመት ጦጣን ሱቅ ማየት ይበቃል።

አባ ብርብራ አንገታቸውን ደፉ። «የእኔም ፍሬ መርዝ ነው» አሉ። «ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል፤ ሰዎች ለቅመው ይሄዳሉ። በዚህ አፍራለሁ። እኔ ግን ወንዝ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍቼ አላውቅም።»

ከባሕር ማዶ ስትጓዝ ያረፈች ጭልፊት ከቅርንጫፉ ላይ ሆና ጣልቃ ገባች። በህንድ አገር፣ ሃይደራባድ አጠገብ፣ ፓታንቼሩ በሚባል ቦታ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚጣራበት ጣቢያ አለ። ከዚያ ተጣርቶ በሚወጣው ውሃ፣ በአንዱ ሊትር፣ እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮ መገኘቱን አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። በሽተኛ መድኃኒቱን ሲወስድ ደሙ ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። «ተጣርቶ ነው እንዲህ የሆነው» ብላ ክንፏን አራገፈች። በሬ ይህን ሲሰማ የእኛማ ምን አላት ብሎ ደስ አለው። ከሌላው ብሶ አለመገኘት በሶንጎ መከላከያ እንደሆነ ይቆጠር የነበረበት ዘመን ነው።

እንግዲህ ተጠያቂው ብዙ ሆነ። ብዙ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከተጠያቂነት ወደ ጽዳት ይዞራል፤ ይህ የሸንጎ ሁሉ ጠባይ ነው። ማን ያጽዳ ተባለ።

ከሰል ቀድሞ እጁን አወጣ። «ውስጤ ጓዳ በጓዳ ነው። በደንብ የተዘጋጀ አንድ ግራም ከሰል የውስጥ ገጹ ቢዘረጋ ብዙ መቶ ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሁሉንም አስገባለሁ።» እውነቱን ነው፤ ችግሩም እሱው ነበር። ከሰል ወንዝ ወረደ፤ መስከረምን ደኅና ከረመ። ጥቅምት ላይ እሸት ቡና ቀላ፣ የጋሽ ከርከሮ መፈልፈያ ተነሣ፣ ቡናማው እጣቢ መውረድ ጀመረ። ከሰል እንግዳ አይመርጥም። ቀለሙን አስገባ፣ ስኳሩን አስገባ፣ የበሰበሰውን ቅጠል ጭማቂ አስገባ፤ ጓዳው በሦስት ቀን ሞላ። መድኃኒቱ በላዩ ላይ እየተንሸራሸረ አለፈ።

ያን ጊዜ ነው ቃጫ የተናገረችው።

ቃጫ ማን መሆኗን ማወቅ የሚፈልግ እንሰት ሲፋቅ ይይ። ሴቲቱ ቁጭ ብላ የእንሰቱን ክፋይ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ በእግሯ ትይዘዋለች፤ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ነጩ ሥጋ ወርዶ ለቆጮ ይከማቻል፣ ውሃው ለቡላ ይጠራቀማል፤ እጇ ላይ የሚቀረው እርጥብ ክር ቃጫ ነው። ቆጮው ጉድጓድ ገብቶ በቅጠል ተሸፍኖ ይጠበቃል። ቃጫ አጥር ላይ ትሰጣለች። ገመድ ትሆናለች፣ ፍየል ይታሰርባታል። ሰውነቷ ሴሉሎስ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ የስኳር ቀለበቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት። ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን ሁሉ ፖሊመር ይሉታል፤ ስለዚህ ቃጫና ፕላስቲክ፣ ባይወዱትም፣ በስም ዘመዳሞች ናቸው።

«እኔ ልሂድ» አለች።

አያ ጅቦ እስኪያነባ ሳቀ። ወንዙ ግን በአክብሮት መለሰላት። «የእማማ እንሰት ልጅ፣ አንቺን ስንት ጊዜ አጥቤሻለሁ። መድኃኒቱ አጠገብሽ ያልፋል፤ ጥቂቱ ይነካሽና ይሄዳል። የሚይዝ እጅ የለሽም።»

«እጅ ከተሰጠኝስ?»

ሎሚ ፈቃደኛ ሆነ። ቃጫን በጭማቂው ዘፈዘፏት፣ አደረቋት፣ ከዚያም ሳትቃጠል በብርቱ ሙቀት አቆዩአት፤ የሎሚው አሲድ ከሰውነቷ ጋር ተጋባ፣ ታጥቦ የማይለቅ ኮምጣጣ እጅ ሆነ። ሸርጣን ያወለቀችውን አሮጌ ቅርፊት አመጣች። ቅርፊቱ በኃይለኛ አመድ ውሃ ተቀቅሎ ሌላ ዓይነት እጅ ወጣው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት በኮስቲክ ሶዳ የሚሠራው ኪቶሳን ይህ ነው። ሁለት ዓይነት እጅ ያስፈለገው ሲፕሮ ሁለት ፊት ስላለው ነው። በተራ የወንዝ ውሃ ውስጥ በአንድ ጎኑ ፖዘቲቭ፣ በሌላ ጎኑ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። የሎሚው እጅ በአንዱ ጎኑ፣ የሸርጣኑ እጅ በሌላው ጎኑ ያንቁታል። የተሻሻለ ፖሊመር የሚባለው ነገር ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ለተራ ሰው የሚፈለገውን ለይቶ የሚጨብጥ እጅ መስጠት።

ቃጫ ወረደች። ቀለሙ እየተጋፋት አለፈ፤ መንገድ የዘጉባትም ነበሩ፤ መድኃኒቱን ግን ያዘች። ከእሷ በታች ያለው ውሃ ቀለሙ ሳይጠራ ከመድኃኒቱ ጠራ። ደለሉ ውስጥ ቀለበት ያጠለቁት ፈተና የሌለበት ዘመን መጣባቸውና ቀለበቱ ሸክም ሆነባቸው።

ሶንጎው ተደሰተ። ተደስቶም ዘመረላት፣ በስሟ ግብዣ ሆነ። ከግብዣው ማግስት አያ ጅቦ ትንሽ ባስነጠሰው ቁጥር ሲፕሮ ይውጥ ጀመር፤ ለማስነጠስ እንደማይሠራ የነገሩትን «ቢቀርም ቃጫ አለች» አላቸው። እመት ጦጣ ቀኑ ያለፈበትን ካርቶን በሌሊት መጣል ትታ በቀን ጣለች። የበሬ ጌታ መርፌውን አበዛ። በፊት የሚደብቁትን አሁን በግልጽ አደረጉት፤ ያዥ ተገኝቷላ። እኔን የሚገርመኝ ማንም ክፉ አለመሆኑ ነው። ሁሉም ቃጫን ከልቡ ያመሰግናት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቃጫ ተጣራች። «ሞላሁ! ባዶ እጅ የለኝም!» ከድልድዩ ሥር የተጣራ ድምፅ ገበያ መሐል አይሰማም።

በኅዳር አንድ ሌሊት ጋሽ ከርከሮ ሲያጠራቅመው የሰነበተውን የመፈልፈያ እጣቢ ከፍቶ ለቀቀው። የቡና እጣቢ ሲቆይ ይቦካል፣ ይኮመጥጣል፤ ፒኤቹ ወደ 4 ይወርዳል። ኮምጣጣው ማዕበል ቃጫ ላይ ደረሰ። በኮምጣጣ ውሃ ሲፕሮ ሁለት ፊቱን ትቶ በአንድ ፊቱ፣ በፖዘቲቩ፣ ብቻ ይቆማል። የሎሚው እጅ በአሲዱ ኔጌቲቭ ሙሉን አጣና ዛለ። የሸርጣኑ እጅ ራሱ ፖዘቲቭ ሆነና መጤውን ገፋው። ቃጫ ለወር ያህል የያዘችው በአንድ ሌሊት ከእጇ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ከታች ካለው ከአባያ ሐይቅ አዞ መጣ። አዞ ዳገት አይወጣም፤ ከወጣ ነገር አለ። ሶንጎው መሐል ተዘርግቶ «የማን ነው?» ብቻ አለ።

ሁሉም ወደ ቃጫ ዞረ። እጇን ሰጥተዋት፣ ዘምረውላት፣ አሁን ከሳሾቿ ሆኑ። ወንዙን ያጠፋች እሷ ናት፣ ባትይዝ ኖሮ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም ነበር የሚል ክርክር በሬ አቀረበ፤ ክርክሩ ጥሩ መስሎት ነበር።

«ያዝኩ እንጂ ላጥፋ አላልኩም» አለች ቃጫ። «የያዝኩትን ማን እንደሚቀበለኝ ጠይቄ ነበር፤ ግብዣ ላይ ነበራችሁ። ሞላሁ ብዬም ተጣርቻለሁ። ጋሽ በሬ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ሰምቶኛል።»

«ሰምቻለሁ» አለ በሬ፤ ሶንጎ ላይ መዋሸት አይቻልምና። «የጋራ ጉዳይ ስለመሰለኝ ለሚመለከተው ይደርሳል ብዬ ነው።»

አባ ብርብራ ፈረዱ። ቃጫ ሳትሞላ ከወንዙ ትወጣለች። በትንሽ ኮምጣጣ ውሃ፣ በማሰሮ ውስጥ፣ በፈቃድ ትታጠባለች፤ በሌሊት ማዕበል አይደለም። ታጥባም ትመለሳለች። ወንዝ ሙሉ ተበትኖ የነበረው መርዝ ማሰሮው ውስጥ ተሰብስቦ ይቀራል። ማሰሮው መጨረሻው ብርቱ እሳት ነው፤ የምግብ እሳት አይበቃውም። ምድጃው እስኪሠራ ድረስ ግን ማሰሮው የሆነ ደጅ ላይ መቆም አለበት።

እዚህ ላይ የተራኪን ነፃነት ልጠቀም። ስለዚህ ዓይነቱ የውሃ ማጣራት ሥራ ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው አንድ ግራም ማጣሪያ ስንት ሚሊግራም መድኃኒት ያዘ የሚለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ማሰሮው ግን ሁልጊዜ በመጨረሻ፣ ሰው ለመሄድ ሲነሣ፣ ይነሣል። የማሰሮው ጉዳይ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ትልቁ የዓለም ጥናት እንደገመተው መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ብዙ ኦና በረት ነው።

«ዝቅ ባለው ቀበሌ ይቁም» አለ አያ ጅቦ። «እዚያ ነዋሪ አይበዛም።»

«የማንበዛው ስለምትልኩብን ነው» አለ አዞ፤ አፉንም ሳይዘጋ ቆየ። አያ ጅቦ ሐሳቡን አነሣ።

እመት ጦጣ ማሰሮው ቃጫ ቤት ይሁን አለች፤ ለምዳዋለች። በሬ ግን ከሁሉ የባሰውን ተናገረ። «ለምን እንቸገራለን? የእመት ላም በረት ባዶ ነው። ቦታ አለ።»

እመት ላም አየችው። በሬ ያን ቀን ከሶንጎው ጫፍ ሄዶ ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው የሚቀመጠው ይባላል።

«በተራ ይሆናል» አሉ አባ ብርብራ። «ተራውን ወንዙ ያወጣዋል፤ ከየደጁ ምን እንደወረደበት ያውቃልና። የእኔም ደጅ ይቆጠር። መጀመሪያ ግን ሌሊት ከከፈተው ይጀምር። ከርከሮ የት አለ?»

ጋሽ ከርከሮ አልመጣም ነበር። መልእክተኛ ተላከበት። መልሱ አጭር ነው፤ «ሶንጎውን አከብራለሁ፤ ቡናው ይለቅና እመጣለሁ።»

አልጠበቁትም። እመት ላም ማሰሮውን በጀርባዋ ጭና፣ ቃጫ አፉን አስራ፣ አዞ ከኋላ እየተሳበ፣ ገዢዎች ቡና ለማየት ቆመው ሳለ የመፈልፈያው በር ላይ አቆሙት። ጋሽ ከርከሮ እየሮጠ ወጣ።

«ይሄ ነገር ይፈሳል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቢፈስ ያው ወንዝ ነው የሚገባው» አለችው ቃጫ። «ምን አስጨነቀህ?»

ገዢዎቹ ሰምተዋል። ከርከሮ በዚያው ሳምንት ጉድጓድ አስቆፈረ፤ እጣቢውን በኖራ እያለዘበ ማጠራቀም ጀመረ። ሲጠይቁት ድሮም አስቦበት እንደነበረ ይናገራል። ማሰሮው ወሩን ጨርሶ ተነሣ።

ቀጣዩ ተራ የእመት ጦጣ ነበር። መልእክተኛው ሱቋ ሲደርስ ተዘግቶ አገኘው፤ ጎረቤቶቿ በዚያ ሰሞን ለለቅሶ ሩቅ አገር መሄዷን ነገሩት።